የደረሰሽ መርፌ

ለእናቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሕፃኑስ እንዴት ነው፣ ጡት በደንብ ይይዛል? ያንቺን ጤና እንኳ አልጠይቅም። ትናንት ተኳኩለሽ፣ ልጅሽን ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ በስልክ ለተከታዮችሽ ስታወሪ አይቼሻለሁ። ክትባት የሚባል ነገር በደጄ አላለፈም፣ ይኸው ልጄ ፈክቷል ስትዪ ሰማሁ። ደግ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ካንቺ በቀር የሚያቃጥለኝ ነገር የለም።

መልእክትሽ ደርሶኛል። በአደባባይ መርዝ የምትዪውን፣ በጓዳ ልጄን እስከ መቼ ይጠብቀዋል ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ሳነበው ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አስጠላኝ። ስደውል ባልሽ ቀረጻ ላይ ናት እያለ ስለሚዘጋብኝ ይህን በሰው እጅ ልኬልሻለሁ።

የመጣሽበትን ቀን ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ሆድሽ ገፍቶ፣ የእናታችንን ካፖርት ደርበሽ፣ ጥቁር መነጽር አድርገሽ፣ የጋዝ ሲሊንደር በሚገባበት በሆስፒታላችን የጓሮ በር ገባሽ። ሰባት ዓመት የለፋንበትን የትክትክ ክትባት በነፍሰ ጡሮች ላይ እየሞከርን ነበር። እናትየዋ ትወጋለች፣ መከላከያው በደሟ ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ ልጁ ለራሱ ክትባት እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ይህን ከተከታዮችሽ ሁሉ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔው ነኝ ቁጭ አድርጌ ያስረዳሁሽ።

በአያታችን ስም መዝግቢኝ አልሽ። አይሆንም ስልሽ አኮረፍሽ፣ ግን ፈረምሽ። ግማሹ ሰው ክትባቱን፣ ግማሹ የጨው ውሃ እንደሚወጋ፣ ለማን የትኛው እንደደረሰ እኔም እንደማላውቅ ነገርኩሽ። እህትሽ አይደለሁም ወይ፣ ደህናውን ምረጪልኝ አልሽ። እጄን ጨብጠሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ተወጋሽ። በዚያው ቀን በስልክ ወጥተሽ ለተከታዮችሽ ማንም በመርፌ አልነካኝም አልሽ። ሻይ ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼ ስልክ ከበው ሲስቁብሽ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እህቴ መሆንሽን ማንም አያውቅም። የምነግርበትም አፍ የለኝም።

አሁን ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ልንገርሽ። አታውቂያትም፣ እሷ ግን ታውቅሻለች። ጥናቱ ውስጥ ግቢ ስንላት፣ በስልክ የምከታተላት ሴት አይሆንም ብላለች ብላ ጥላን ሄደች። ባለፈው ወር አንድ ወር የሞላት ልጇን ታቅፋ ሕፃናት ክፍል መጣች። እንዲህ ያለ ጨቅላ ትክትክ ሲይዘው እንደ ትልቅ ልጅ አይንተከተክም፤ ዝም ይላል። ትንፋሹ ይቆማል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ነርሷ እግሩን መታ መታ ስታደርገው ይመለሳል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በሦስተኛው ቀን አልተመለሰችም።

እናትየዋ አላለቀሰችም። መርፌ የበሳሳውን ጣቷን እያሻሸች ፊቴን አየችና፣ በስልክ የምታወራውን ሴትዮ ትመስያለሽ አለችኝ። ደግ ሴት ናት አለች። ልጄ ስትታመም ምን ላድርግ ብዬ ጽፌላት ነበር፣ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ትመልስልኝ ነበር አለች። አላውቃትም አልኳት።

የናቅኩሽ በመዋሸትሽ አይደለም፤ ውሸታም የትም ሞልቷል። እውነቱን ለልጅሽ አስቀርተሽ ውሸቱን ለሌላው ሰው ልጅ ስላደልሽ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ክትባታችን ሠርቷል። የታመሙት ልጆች ሁሉ የጨው ውሃ ከተወጉት ወገን ስለሆኑ ተቆጣጣሪዎቹ ሐኪሞች ጥናቱ ይቁም፣ ለማን ምን እንደደረሰም ይገለጥ አሉ። ሰኞ ዕለት ተገለጠ። አለቃችን ኬክ አስመጣ፣ ተጨበጨበ። እኔ ያንቺን የጥናት ቁጥር ፈልጌ አየሁና ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ክትባቱ የደረሳቸውን እናቶች እንኳን ደስ ያላችሁ ብለን በስልክ እያሰናበትን ነው። የቀሩትን እናቶች ግን ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ እየጠራን ነው።

አንቺ ሐሙስ ጠዋት ነይ። ልጁን በደንብ ጠቅልዪው፣ ሰው በታጨቀበት ታክሲ አትሳፈሪ፣ የሚያስል ሰው አይቀፈው። ከዚያ በፊት ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሳትኳኳዪ፣ ሳትቀርጪ፣ እንዳለሽ ሮጠሽ ነይ። እኔው እቀበልሻለሁ። ያኔ ምንም አልናገርሽም።

አምላክ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ለልብስ ሰፊዋም መጽናናቱን ይስጣት።

ታላቅ እህትሽ