ለባለቤታቸው ፓይ መጋገር የተማሩት የአቶ እንግዳው ደጉ የሕይወት ታሪክ

አቶ እንግዳው ደጉ ከአባታቸው ከአቶ ደጉ ዓለሙ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሽታዬ ተሰማ በጥር ወር 1944 ዓ.ም. በግምጃ ቤት አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። በአዊኛ አፋቸውን ፈትተው አማርኛን በቄስ ትምህርት ቤት ለመዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በግምጃ ቤት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በዳንግላ ተከታተሉ። አባታቸው በድንገት ስላረፉ ግን ትምህርታቸውን አቋርጠው እናታቸውንና ታናሽ እህታቸውን ለመርዳት በመንገድ ሥራ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ድንጋይ ከመሸከም ተነሥተው የግሬደር ኦፕሬተር ሆኑ፤ በ2004 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱም በዚሁ ሥራ አገለገሉ።

በ1973 ዓ.ም. በግብርና መሥሪያ ቤት የኑሮ በዘዴ ሠራተኛ ከነበሩት ከወ/ሮ ስሜነሽ ቢሻው ጋር ጋብቻ መሥርተው ምሕረትንና ዓባይነህን ወለዱ። ይህን የምጽፈው የእህታቸው ልጅ ሃናም ለትምህርት ከግምጃ ቤት መጥቼ ዳንግላ በሚገኘው ቤታቸው እንደ ሦስተኛ ልጅ አድጌያለሁ።

ወ/ሮ ስሜነሽ በሥራቸው ሥልጠና የተማሩትን ፓይና ታርት በቤታቸው ይጋግሩ ነበር። በጾም በዘይት በተለወሰ ስስ ሊጥ ድንችና ጎመን ይሸፍናሉ፤ በፍስክ ሥጋ ወይም አይብ ያደርጉበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ከእንጅባራ ደጋ የመጣ ፖም በስኳር አብስለው ታርቱ ላይ ይደረድራሉ። መጋገሪያቸው ብረት በያጅ የሠራላቸው፣ ከታችም ከላይም ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጣ ከሰል የሚደረግበት የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። አቶ እንግዳው በዚያን ጊዜ ከመብላት በቀር ማድቤት ዘልቀው አያውቁም።

ጡረታ በወጡበት ዓመት ወ/ሮ ስሜነሽን የደም ግፊት ጣላቸው። አንደበታቸው ቢተርፍም ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ያን ሁሉ ሰው ያጎረሱ ሴት በሰው እጅ መጉረስ ጀመሩ። አንድ ቀን «እጄ ሞቶ እኔ ምን ልሁን ብዬ ቆየሁ?» ብለው አለቀሱ። አቶ እንግዳው ጋቢያቸውን አውልቀው ተነሡና፣ «እጁን እኔ ላዋጣ፣ ሙያውን አንቺ አዋጪ» አሏቸው። አልጋቸውንም ማድቤቱ በር አጠገብ አዘዋወሩላቸው።

የመጀመሪያው የድንች ፓይ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ሆነ። እትዬ ስሜነሽ አይተውት፣ «ይኼማ ያንተ የክረምት መንገድ ነው፤ ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ጭቃ!» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ የሰማናቸው ያኔ ነው። ጋሼ ሳቁን ሰምተው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው ከአልጋ ላይ «ቅቤውን አታቅልጠው፣ በጣትህ ጫፍ እሸው» እያሉ፣ እሳቸውም እያሹ፣ ቤታችን እንደገና ቤት ሆነ።

በዕድሩ መካከል «እንግዳው ግሬደሩን ትቶ መዳመጫ ጨበጠ» እያሉ የሚሳለቁ ነበሩ። አቶ እንግዳው በሚቀጥለው ስብሰባ ፓይ በትልቅ ሳህን ይዘው ሄዱ። ሳቁ አልቀረም፤ ሳህኑ ግን ባዶውን ተመለሰ።

ወ/ሮ ስሜነሽ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. አረፉ። አቶ እንግዳው መጋገሪያውን በማዳበሪያ ጠቅልለው ጓሮ አስቀመጡት፤ ማንም እንዲነካውም አልፈቀዱም። በተከታዩ ዓመት ምሕረት ለአራስነት አባቷ ቤት መጣች። እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተችና፣ «እማዬ ብትኖር የዱባውን ታርት ትሠራልኝ ነበር» አለች። አባቷ ወጥተው ማዳበሪያውን ፈቱ። ውኃ ልቀዳ ብቅ ስል፣ አልጋው ወደነበረበት ባዶ ቦታ ዞረው፣ «ስሜ፣ ከሰሉ በዛ እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። አላዩኝም፤ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ምሕረትም በላች።

ከዚያ ወዲህ ለአራስም፣ ለታመመም፣ ሐዘን ለገባበት ቤትም ይጋግሩ ነበር። ሲሰጡ «የስሜነሽ ነው» ይላሉ እንጂ የኔ ነው ብለው አያውቁም።

በ2010 ዓ.ም. የምግብ ቧንቧ ካንሰር አገኛቸው። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ቢታከሙም ጠጣር ምግብ መዋጥ አቃታቸው። መጋገሩን ግን አልተዉም። ጨው ጨምረው «ቅመሺልኝ» ይሉኝና ፊቴን ያያሉ። ዓባይነህ አንድ ቀን ሳህኑን ገፍቶ፣ «እርስዎ ጦምዎን እያደሩ እኔ እንዴት ይወርድልኛል?» አላቸው። «አንተ ስትበላ ነው ሆዴ የሚረጋው። ብላ» አሉት። እያለቀሰ በላ።

የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል መቆም ተሳናቸው። ምሕረትና እኔ የአይብ ፓይ ጋግረን አጠገባቸው አቀረብን። ጠርዙን በጣታቸው ዳስሰው «ደህና ነው» አሉ። ቀጥለው ለእናቴ፣ ለእህታቸው፣ እኛ ልጆቹ አጥርተን በማንሰማው በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ «ለስሜነሽ ቁራሽ አስቀሩላት ነው የሚለው» አለችን። አስቀረንላት።

አቶ እንግዳው ደጉ ረቡዕ ኅዳር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ሁለት ልጆች፣ አንዲት የልጅ ልጅና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል።

ጉሮሯቸው ቢዘጋም የፈጠራቸው አምላክ በማይጎድለው ማዕዱ ያጥግባቸው። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።