ግማሽ ስፖንጅ

ማክሰኞ

አምስተኛውም ዓሣ ሞተ። ካልሲዬን እየፈለግኩ ቀና ስል በጎኑ ተንሳፎ አየሁት። ከስምንት ሦስት ቀሩ።

ለሶስና አልነገርኳትም። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ከሰናይት ጋር አራዳ ሰፈር ትኖራለች። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ማራኪ ሰፈር እኔ ጋ ትመጣና እሑድ ትመለሳለች። ትመጣ ነበር ልበል። ዓሦቹን የገዛሁት ቤቴን እንድትወደው ነው። ሁለቱ ዓሦች ዓይኗ እያየ ሞቱ፤ ያለፈው ቅዳሜ በስልክ «አባዬ፣ አንተ ቤት ዓሣ ይሞታል፣ ማየት አልፈልግም» አለችኝ። ምን ይመለሳል? «እሺ» አልኩ።

በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ዓሣ ላይ የሚያጠና አንድ ባልደረባ አለኝ። ውሃው ቢጠራም ሽንታቸው ነው የሚገድላቸው ይላል። ሽንቱን የሚበላ ባክቴሪያ አለ፤ ማጣሪያው ውስጥ የሚጣበቅበት ቤት ይፈልጋል። ቤት ፍለጋ እንግዲህ እኔ ላይ ወደቀች።

የሴራሚክ ቀለበት፦ ከአዲስ አበባ «መንገድ ላይ ነው» ከተባለ ወር አለፈው።
የፍራሽ ስፖንጅ፦ ተበጣጥሶ ፓምፑን ዘጋው።
የሃይላንድ ክዳን፦ ሙልጭልጭ ነው፤ የሚጣበቅበት የለውም።
የተረከዝ መፋቂያ ድንጋይ፦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ገበያ ሞልቷል። እሱን መረጥኩ።

ድንጋዩ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ባልደረባዬ የሰጠኝን መለኪያ ጠብታ ከዓሦቹ ሳጥን በቀዳሁት ትንሽ ውሃ ላይ ስጨምር ቢጫ ከሆነ ደግ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለ። ያለፈው ሳምንት ወደ ቢጫ እየሄደ ነበር። ዛሬ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ምን እንደነካው አላውቅም። ደከመኝ።

ረቡዕ

ታወቀ።

የቤቱ ባለቤት እማሆይ ውብነሽ ናቸው፤ የቄስ ሚስት ነበሩ፣ ባላቸው ሲያርፉ ቆብ ጫኑ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑን የሚያስነሱልኝ እሳቸው ስለሆኑ ቁልፍ አላቸው። ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠብቀው «ድንጋዮችህ ሸጋ ሆነውልሃል?» አሉኝ። የምን ድንጋይ ስላቸው ደስ እያላቸው ነገሩኝ። እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ማጣሪያውን ከፍተው፣ ያዝለገለገውን ድንጋይ ሁሉ አውጥተው፣ በበረኪና ፈትገው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው መልሰዋል። ዓሦቹ በቆሻሻ ነው የሚያልቁት ብለው አዝነውልኝ ነው።

አልጮህኩም። ለመጮህም ጉልበት ይፈልጋል። ያ ዝልግልግ ነገር ሕይወት ያለው እንደሆነ፣ ሦስት ሳምንት የጠበቅኩት እሱን እንደሆነ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ምነው እስከዛሬ ሳትነግረኝ? እርሾ ነው ብትለኝ እኔ እርሾ አጥባለሁ?»

እውነታቸውን ነው። «ማጣሪያ» ብያቸው፣ ማጣሪያ ይታጠባል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እርሾ የጠፋበት ሰው ከጎረቤት ይለምናል፤ ይሄን ዓሣ ሌላ ያረባ ሰው የለም?» አሉኝ።

አለ። ሰናይት ቤት ያለው ትልቁ አኳሪየም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስወጣ ትቼው ወጣሁ። ስድስት ዓመት የሞላው ማጣሪያ ነው። ለእማሆይ ግን «እስቲ አስባለሁ» ነው ያልኳቸው።

ሐሙስ

ከሰናይት ጋር የምንነጋገረው በስልክ መልእክት ነው። «ደርሳለች።» «እሺ።» ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። ዛሬ ከዚህ የረዘመ ልጽፍ አራት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። ሰልፈኛው ተማሪ የቢሮዬን መስኮት ሲያንኳኳ እንኳ አልሰማሁትም።

ማታ የቧንቧ ውሃ መጣ። ባልዲዎቹን ሞልቼ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፋቸውን ክፍት ተውኩ። ድንጋዮቹን በረኪናው እስኪለቅ አለቀለቅኩ። ያደረ ውሃ ስለነበረኝ ከሳጥኑ ሲሶውን ቀየርኩ። ሦስቱም ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አየር ይቀላውጣሉ። ጭራው ነጭ የሆነው በጣም ደክሟል።

እማሆይ ከደጅ ሆነው «ለመንክ?»
«ነገ።»
«ነገ ይሙቱ ነው የምትለው?»

ሴትየዋ ጥፋታቸውን በእኔ ሊያወራርዱ ነው እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ የተናደድኩት ልክ ስለሆኑ መሆኑ ገባኝ።

ዓርብ

ከቢሮ አስፈቅጄ ወጣሁ። ሰናይት አራዳ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከኋላቸው ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«ሶስና ምን ሆነች?»

ምንም አልሆነችም፣ ስፖንጅ ልለምንሽ ነው አልኳት። በራሴ አፈርኩ። ስለ በረኪናው፣ ስለ ሞቱት፣ ቅዳሜ ስለቀረችው ልጅ ሁሉንም አንድ ላይ ነገርኳት። ላለመሳቅ የታገለች መሰለኝ፤ አልሳቀችም።

«ስፖንጁ በሳጥኑ ውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው ብለኸኝ ነበር» አለች። «ከሄድክ ጀምሮ በቧንቧ አጥቤው አላውቅም።»

ሌላም አለች፣ አልረሳውም። አብረን በኖርንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ስጪኝ ብዬ ጠይቄያት እንደማላውቅ። ሁሉን ብቻዬን እሠራና አላገዝሽኝም ብዬ እንደማኮርፍ። ደንበኛ ገባ፣ እስክሪብቶ ሸጠች፣ ተመለሰች። እንዲህ ያለውን ነገር ያኔ ብላኝ ቢሆን እጣላት ነበር፤ ዛሬ «እውነትሽን ነው» አልኳት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግታ ቤቷ ሄድን። ጥቁር ቡናማ የሆነውን ስፖንጅ አውጥታ በወረቀት መቁረጫው መቀስ ለሁለት ከፈለችው። እንዳይደርቅ ከነውሃው በማር ባልዲ አደረገችልኝ። በባጃጅ ጭኔ ላይ ይዤው ስመጣ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ጭቃ ጭቃ ይሸታል።

ከቤቷ ስወጣ «ትመጣ እንደሆን ሶስናን እጠይቃታለሁ፤ ቃል ግን አልገባልህም» አለችኝ።

ቅዳሜ

መጣች!

እናቷ ግቢው በር ድረስ አምጥታት፣ ከእማሆይ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ ሄደች። ሶስና ቦርሳዋን ሳታወርድ ሳጥኑ ጋ ሄዳ ቆጠረች። «ሦስት» አለች። ሌሎቹ የት ሄዱ አላለችም፤ ታውቃለች።

ማጣሪያውን ከፍቼ ስፖንጁን አሳየኋት። «ይሄ የኛ ቤት ቆሻሻ ነው» አለች። እማሆይ ከበሩ ላይ «ቆሻሻ አይደለም፣ እርሾ ነው» ብለው አረሟት፤ ራሳቸው ያገኙት ነው የሚመስለው አነጋገራቸው። የታከተኝን ያህል ዛሬ ደግሞ ቀለለኝ።

እሑድ

ጭራው ነጭ የሆነው ሞተ። ልጅቷ ገና ተኝታለች።

በወንፊቱ አወጣሁትና ቆምኩ። ሽንት ቤት ጥዬው ሁለቱ ብቻ ነበሩ ልላት አሰብኩ። ቆጥራለች። ድንጋይ ሥር ተደብቋል ልበላት? እሱንም አሰብኩ። እስክትነቃ ኩባያ ውስጥ አስቀመጥኩትና ቁርስ አቀረብኩ። አልበላ አለኝ።

ስትነቃ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ስፖንጁ ዘግይቶበት ነው?» አለች። «መሰለኝ። ቶሎ መለመን ነበረብኝ» አልኳት። አላለቀሰችም። ከአጥሩ ሥር ቆፍረን ቀበርነው።

ከዚያ ጠብታውን ራሷ ቆጠረች፤ ሁለቴ ተሳሳተችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ቀለሙን ከካርዱ ጋር አስተያየችው። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ማክሰኞው አይደለም፣ ቢጫም አይደለም።

«መቼ ነው ቢጫ የሚሆነው?»

ለቅዳሜ ይደርሳል ልላት አፌን ከፈትኩ። «አላውቅም» አልኳት።

«ሁለቱስ አይሞቱም?»

«አላውቅም፣ ሶሲ።»

የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ ዘጋችው። የእናቷ ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ። ቦርሳዋን አነገተች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ እንደገና ሳጥኑን አየችው።

«እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ» አለችኝ።