አርባ ጊዜ «በፍጹም»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8፤ ከቀኑ 8 ሰዓት

ዛሬ ሰባት ቅጽ። ድምር አርባ። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ሁለት ጀሪካን ገልብጬ፣ አንዱ ላይ እኔ፣ አንዱ ላይ ተጠያቂው። እስክሪብቶው በላብ ከእጄ ይሙለጨለጫል። ስለ ሙቀቱ አልጽፍልህም ደብተሬ፤ ትናንትም ጽፌዋለሁ፣ ከትናንት ወዲያም።

ሥራው ያው ነው። ሰሊጥ ለማረም ከደጋ የወረዱትን የቀን ሠራተኞች አስቀምጬ ሃያ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብቸኝነት ተሰምቶህ ያውቃል? እንቅልፍ እምቢ ብሎህ ያውቃል? አራት ምርጫ አለው፤ ከ«በፍጹም» እስከ «ሁልጊዜ»። ሁሉም ተመስገን ይላሉ። እኔም «በፍጹም» ላይ ምልክት አደርግና ወደሚቀጥለው።

ደስተኛ ሕዝብ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የከፋኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10፤ ጠዋት

ኔትወርክ መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር።

ለክረምቱ የምርምር ሥልጠና ከሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት ሦስት ተማሪዎች ነን የተመረጥን። ሁለቱ ጎንደር ከተማ ቀሩ። ገንዳ ውሃ ማን ይሂድ ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔ። ማንም አላስገደደኝም። ጀግና ልባል። አሁን በቴሌግራም ፎቶ ይልኩልኛል፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ሳቅ። የልብ ምልክት ላክሁላቸው። ከዚያ ስልኬን ደፍቼ አስቀመጥሁ።

እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም። አከራዬ እትዬ ባንቺ እንኳ «ተማሪዋ» ነው የሚሉኝ። ደግ ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ስሜን ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ቀኔ።

እማዬ ደወለች። ደህና ነሽ ወይ? ተመስገን። በርቺ ልጄ። ዘጋን። አንድ ደቂቃም አልሞላ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11፤ 10 ሰዓት

አማካሪዬ መ/ር ሀብታሙ ደወሉ። ቅጾቹን ፎቶ አንስቼ ልኬላቸው ነበር። ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሏል። አርባ ሰው ከሚስት ከልጁ ተለይቶ፣ ወባ እየጣለው፣ ላስቲክ ሥር እያደረ፣ አንድም ሰው «አንዳንዴ» አላለም? ቤት ተቀምጠሽ ሞልተሽው እንዳይሆን አሉኝ። በጨዋ ቋንቋ ነው ያሉት፤ ጨዋነቱ ነው የባሰብኝ።

እስከ ሰኞ ማስረጃ። አለዚያ ስሜ ከሥልጠናው ይወጣል። ከወጣ መስከረም ላይ ጥናቴን የማቀርብበት መድረክ የለም፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚጽፉልኝ የድጋፍ ደብዳቤም የለም። ሦስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያፈጀሁት ለዚች ነበር።

አለቀስሁ። በንዴት ነው። እሺ፣ በንዴት ብቻ አይደለም። የምነግረው ሰው አጣሁ።

እሁድ፣ ሐምሌ 13፤ 9 ሰዓት

እሁድ አረም የለም። ሠራተኛው በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ከተማ ይገባል። ከአርባዎቹ አንዱን ባገኝ፣ አዎ ጠይቃኛለች ብሎ ለመ/ር ሀብታሙ በስልክ ይመሰክርልኛል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ስዞር ነበር።

አያ ሙሉቀንን አገኘሁት። ቅጽ 31፤ ጎጃሜ፣ ቀጭን ረጅም፣ ኮንጎ ጫማው በሽቦ የተሰፋ። አስታወሰኝ። እመሰክራለሁ አለ፣ ያውም ሳልለምነው። ደስ ብሎኝ አንድ ብርጭቆ ከርከዴ ጋበዝሁት። ሥራ ስላልነበረ ፎልደሩን አልከፈትሁም። ወሬ እንዲሆን ቤተሰብ ደህና ነው አልሁት። ተመስገን። ሚስትህስ? ተመስገን፣ ደህና ናት። አንተስ ግን፣ እንዴት ይዞሃል?

ብርጭቆውን ማየት ጀመረ።

ሚስቱ እሱ በረሃ ከወረደ በኋላ ወለደች። የልጁን ልቅሶ በስልክ ቀድታ ልካለት ነበር። ማታ ማታ ይሰማው ነበር። ባለፈው ዝናብ ስልኩ ውሃ ገባበትና ሞተ። ከዚያ ወዲህ አረም ላይ ሆን ብሎ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ፊቱን እንዳያዩት። ሰነፍ ይሉታል። ይበሉኝ አለ።

ታዲያ ያን ዕለት ስጠይቅህ ለምን አልነገርኸኝም አልሁት። ገረመው። «ኧረ እኅቴ፣ አንቺ መች ደግመሽ ጠየቅሽኝ? ጻፍሽና አለፍሽ እንጂ።»

ደብተሬ፣ አፈርሁ። መመሪያው የመጀመሪያውን መልስ ውሰዱ፣ አትጎትጉቱ ይላል። እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ። እናቴና ጎረቤቷ ደጅ ላይ ቆመው ደህና ነሽን አራት አምስት ጊዜ ሲለዋወጡ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የመጀመሪያው ተመስገን የእግዜር ድርሻ ነው። የሰው ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ቅጽ ስይዝ ጠፋኝ።

«በፍጹም» ያሉት እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ ያልሁት። አርባ ጊዜ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14፤ ጠዋት 4 ሰዓት

ምስክር አለኝ። አያ ሙሉቀን ይናገር፣ ቅጾቹ እውነተኛ ናቸው ይባል፣ ስሜ ይዳን። ቀላል ነበር። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ቅጽ ቢቀርብልኝ የእንቅልፉ ጥያቄ ላይ «ሁልጊዜ» ነበር የምል።

ለመ/ር ሀብታሙ ደወልሁ። ሰዎቹን በርግጥ ጠይቄያለሁ፣ መልሱ ግን የእነሱ አይደለም፣ አርባውም ይጣል አልኋቸው። ሁለት ሳምንት ገደል ገባ ማለት ነው አሉ። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው ሐሙስ ያሳውቁኛል። ተቆጥተው ይሁን ገርሟቸው አላውቅም።

ቢያቆዩኝም ቢያባርሩኝም የፊታችን እሁድ ኒሙ ሥር ነኝ። ያለ ቅጽ። ከአንድ ጀምሬ።

11 ሰዓት

እማዬ ደወለች። ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ተመስገን አልሁ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። በርቺ ልጄ ብላ ልትዘጋ ስትል፣ ቆይ እማዬ አልኋት።

ደግመሽ ጠይቂኝ።