ለፋርሱ ሸክላ የተሳልኩት

ለንደን፣ ጥቅምት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የነፍስ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ ከሰፈሬ ከቶተንሃም ብርድ በቀር የማማርረው የለኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጅዎ ንዋይ ከአምስት ዓመት እስር መፈታቱን የነገረኝ ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። አውቶቡስ ውስጥ አንብቤው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ማን ሞተብሽ ብለው መሐረብ ሰጡኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ እንዲያውም ሰው እንደተረፈልኝ ነገርኳቸው።

አሁን ግን ንስሐ አለብኝ። በማጸዳው ሙዚየም ውስጥ አንድ ኮከብ መሳይ የግድግዳ ሸክላ አለ። ፊት ለፊት ሲያዩት ቡናማ ነው፤ የጠዋት ብርሃን በጎን ሲያገኘው ወርቅ ይሆናል። ላዩ ላይ ሁለት ፊተ ክብ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በራሳቸው ዙሪያ የብርሃን ክብ አለ። ቁርጥ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል! ዳር ዳሩን የተጻፈው ዐረብኛ ስለመሰለኝ የግብፅ ቅዱሳን ናቸው ብዬ ደመደምኩ። እሑድም ስለምሠራ ቤተ ክርስቲያን አልደርስም። ስለዚህ በየጠዋቱ መጥረጊያዬን አስደግፌ እሰግድ ጀመር። ስማቸውን ስለማላውቅ «እናንተ ሁለታችሁ» እያልኩ፣ ንዋይ በሕይወት ከወጣ ለደብራችን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ላስገባ ተሳልኩ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ለምስጋና ስሰግድ የክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ ደረሱብኝ። ሥራዬ አበቃለት ብዬ ክው አልኩ። እሳቸው ግን ስቀው አስረዱኝ። ሸክላው ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው የፋርስ ሥራ ነው አሉ። የሚያበራውም ወርቅ ሳይሆን በእሳት የተዋሐደው ብርና መዳብ ነው። ክቡን ለማንም ሰው ይሥሉት ነበር፤ ሁለቱ ጎረምሳና ኮረዳ ናቸው። ጽሑፉ ደግሞ ስለ መለያየት የተገጠመ የፍቅር ግጥም ነው።

አባቴ፣ አፈርኩ! ዓመት ሙሉ ለሁለት ፍቅረኞች ስሰግድ ኖሬያለሁ። ልቤን የሚያውቅ አምላክ ግን ሰምቶኛል። ቀኖናዬን ይስጡኝ፣ በደስታ እፈጽማለሁ። የጥላውን ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ ዘርፉን ራሴ እየሰፋሁ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለንዋይ ያንብቡለት። ይሳቅብኝ፤ ሳቁ ናፍቆኛል።

ከእንግዲህ ሌላ የነፍስ አባት እፈልጋለሁ። አስቀይመውኝ አይደለም፤ ለአማት ንስሐ መናገር ያሳፍራል፤ የቀረውን ንዋይን ይጠይቁት። በጸሎትዎ አይርሱኝ፤ ለእማማ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ዕድሜና ጤና ለቤታችሁ ይስጥልኝ።

የነፍስ ልጅዎ፣
ለጊዜው