ዘጠና ዙር በሁለት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

«ይሄ የእሱ ድምፅ አይደለም» አሉኝ እትዬ አልማዝ፣ ሸክላው ገና ግማሽ ሳይደርስ።

ሁለት ሳምንት የለፋሁበት የሸክላ ማጫወቻ፣ ፒክአፕ ነው! ቺንጋው ተበጥሶ ነበር፣ ከጅማ አስመጣሁ። የደረቀውን ዘይት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። መርፌውን አጸዳሁ። የባህል ቢሮው ኃላፊ «አንተ የፊዚክስ መምህር ነህ፣ ይሄን ነገር ተወጣልን» ብሎ ከትምህርት ቤት ሲጠራኝ ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት። ቦንጋ ከተመደብኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከጠመኔ ውጭ የሆነ ሥራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ አልማዝ ባለቤት ጋሽ ወልዴ በካፊኖኖ ቋንቋ የዘፈኑት አንድ ሸክላ አለ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ከሸክላው ቅጂዎች የተረፈችው ይህቺ አንዷ ናት፣ እሷም ተፋፍቃለች። ወደ ካሴት ልንገለብጣት ነው። ከእንግዲህ ሰው ጋሽ ወልዴን የሚያውቃቸው በካሴቱ ነው።

«እንቅልፉ የመጣ ሰው አስመሰላችሁት» አሉ እትዬ አልማዝ። «እሱ እንዲህ አይጎትትም።»

መሞከሪያ ወረቀቱን አመጣሁ። ከፒክአፑ ጋር የነበረ ክብ ወረቀት ነው፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመሮች አሉበት። ሸክላው የሚዞርበት ሳህን ላይ አስቀምጠው በፍሎረሰንት መብራት ሥር ያዞሩታል። መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። ወደ ኋላ ከሸሹ ዘግይቷል። አዞርኩት። ቀጥ ብለው ቆሙ።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገርኩ። «እትዬ፣ ብዙ ዓመት ሆነ እኮ። ድምፃቸውን ረስተውት ይሆናል።»

 ነጠላቸውን አስተካከሉና ቅዳሜ ጠዋት ዋጫ፣ ልጃቸው ጋ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። እስከዚያ ድምፁ ካልመጣ ሸክላቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ይሂዱ። ወረቀቱ አይዋሽም።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። አሥረኛ ቢን ስለ ግጭት ሳስተምር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ተማሪዎቹ አረሙኝ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የከተማው ጄኔሬተር ተነስቶ መብራት ሲመጣ ቢሮ ነበርኩ። ቺንጋው ይንሸራተታል? አይንሸራተትም። ሳህኑ የሆነ ቦታ ይነካል? አይነካም። ማርሹ በደቂቃ 45 ዙር ላይ ነው? ነው። ወረቀቱስ? አሁንም ቀጥ!

እትዬ አልማዝ ቤት ሄድኩ፣ ላስረዳ። ስለ መስመሮቹ፣ ዓይን እስከማያየው ድረስ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋና ስለሚበራው መብራት ብዙ አወራሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«መምህር፣ ሦስት ተቀባዮች አሉ አይደል ሸክላው ላይ?»

«አሉ።»

«መሃከለኛዋ እኔ ነኝ። የራሴንም ድምፅ ረሳሁት እንዴ?»

እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። እንዲያም ሆኖ ሙዝ ይዘህ ሂድ ብለው በወረቀት ጠቀለሉልኝ። መንገድ ላይ አንዱንም መብላት አቃተኝ።

አልተውም። ወይ እሳቸው ተሳስተዋል፣ ወይ ወረቀቱ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ደደብ ነኝ። እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው የማምነው።

ሸክላው መሃል ላይ ያለው ወረቀት ላይ የዘፈኑ ርዝመት ተጽፏል፦ ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰኮንድ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄ ላይ ሲገላበጥ አላነበብኩትም። የእጅ ሰዓቴን በሬዲዮው የሰዓት ድምፅ አስተካከልኩና ዘፈኑን ለካሁ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰኮንድ!

ከዚያ ሳህኑ ጫፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። በሁለት ደቂቃ ዘጠና ዙር መዞር አለበት። ሰማንያ አራት። ደገምኩ። ሰማንያ አራት።

ታዲያ መስመሮቹ ለምን ቆሙ? ሙዙን እየበላሁ አሰብኩ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። የፒክአፑ ሞተር ከከተማው ጄኔሬተር ነው የሚጠጣው። ወረቀቱን የሚያሳየኝ መብራትም ከዚያው ነው። ጄኔሬተሩ ሲደክም ሞተሩም ይዘገያል፣ መብራቱም በዚያው ልክ ይዘገያል። ተከሳሹና ምስክሩ ከአንድ ቤት መጥተው፣ እኔ ደግሞ ፈርጄ ሴትዮዋን አባረርኩ።

መብራት የማይደክምበት ከተማ ላለ ሰው ወረቀቱ ደህና ነው። ለእኛ የሚሆነን ሰዓትና ጣት ነው።

ዓርብ፣ ጥር 17

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጄኔሬተሩ ጋ። ተፈራ፣ ጄኔሬተሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሳቀብኝ። «እኔን የሚጠይቁኝ መብራት አለ ወይስ የለም ነው። ልክ ነው ወይ ያለኝ አንተ ነህ።» ፍጥነቱን ጨምርልኝ አልኩት። አይሆንም፣ አምፖል ተቃጠለብን ብለው ይጮሁብኛል አለ። ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል እጁን እንደማያሳርፍበት ቃል ገባልኝ።

ስለዚህ ፒክአፑ ራሱ ይካሰው። ቺንጋው የሚዞርበት የሞተሩ ዘንግ በወፈረ ቁጥር ሳህኑ ይፈጥናል።

ዘንጉ ላይ የቁስል ፕላስተር ጠቀለልኩ፦ ዘጠና አምስት፣ ድምፁም ይንቀጠቀጣል። ላጥኩት።
ሰነድ የምንለጥፍበትን ስስ ፕላስተር፣ አንድ ዙር፦ ሰማንያ ስድስት።
ሁለት ዙር፦ ሰማንያ ስምንት።
ሦስት ዙር፦ ዘጠና!

ብቻዬን ጮህኩ። ዘበኛው በር ከፍቶ አየኝ።

እትዬ አልማዝን ሮጬ ጠራኋቸው። ካሴት መቅጃው በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ጄኔሬተሩ አያገኘውም። መቅጃውን ተጫንኩ፣ መርፌውን አሳረፍኩ።

ጋሽ ወልዴ ጀመሩ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትንሽ የሚያሾፍ ድምፅ። ሌላ ሰው! እትዬ አልማዝ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ተቀባዮቹ ሲገቡ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ በቀስታ፣ መሃከለኛዋ ጋ ተቀበሉ። ልክ ገጠመ። ካሴቱ ላይ ድምፃቸው ሳይቀዳ አይቀርም፣ አላጠፋውም።

ሲያልቅ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስለ ማክሰኞው፣ ረስተውት ይሆናል ስላልኩት።

«ማክሰኞ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ» አሉኝ። «እውነት ረስቼው ይሆን እንዴ ብዬ።»

መርፌውን እንደገና አሳረፍኩና ለቢሮው የሚሆነውን ሁለተኛ ካሴት ቀዳሁ። 

ቅዳሜ፣ ጥር 18

መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ሸክላውን እኔ ጋ ተዉት። ካሴቱን ግን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ሌላ ኮፒ ለቢሮው አለ።

የዋጫው አውቶቡስ ሞተሩን ሲያስነሳ በመስኮት ጠሩኝ።

«መምህር፣ የልጄ ቴፕ በድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክምስ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። «ያኔ ይጎትታል፣ እትዬ። እንደ ማክሰኞው ይሆናል።»

«ግዴለም» አሉ። «ያኔ ድንጋዩ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ አለመሆኔን።»