ከሐይቁ የወጣው ቤት

እንዴት ነሽ ወዳጄ? ካርዱን ገልብጪና ሐይቁን እዪው፤ ከሥሩ መንደር አለ። ግድቡ ሲሠራ ውሃ የዋጠው ነው። ዘንድሮ ዝናብ በመጥፋቱ ውሃው ሸሽቶ ቤቶቹ ብቅ ብለዋል። ትናንት ጀልበኛው እኔንና አንዲት አሮጊት ወደዚያ ወሰደን። አሮጊቷ ጭቃውን በምርኩዝ እየወጉ ሄደው አንድ ጣራ አልባ የድንጋይ ቤት ግንብ ሥር ቆሙና "ቤቶች" አሉ። መልስ የጠበቁ አይመስሉም ነበር። ከግንቡ ወዲያ ግን "አንቺ ነሽ? ምነው ቆየሽ፤ ግቢ እንጂ" የሚል የሴት ድምፅ መጣ። የጥንት ጎረቤታቸው ናቸው፤ እሳቸውም ቤታቸውን ሊያዩ መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠው ኖሯል። መንደሩ ከተበተነ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። አሮጊቷ በፈረሰው ግንብ በኩል መግባት ሲችሉ፣ ዞረው በበሩ ገቡ። ቸኩሎ የነበረው ጀልበኛም ሞተሩን አጥፍቶ እስኪመሽ ጠበቃቸው። እኛ አንድ አጥር ተጋርተን ስንት ጊዜ ሳንተያይ እንከርማለን!

ካርዱ ጠበበኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አዲስ የገባችውን የጎን ቤታችንን ሴትዮም፣ ስሟን ባላውቅም፣ ሰላም በያትልኝ።