ቅርጫት ውስጥ ስለቀሩት አራት ጥሪዎች

ለተከበሩ የወጣት ማዕከላት ባለሙያዎች ሥልጠና አስተባባሪ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልጆችዎስ? ሁሉም ደኅና እንደሆኑ፣ ሲመሽም አንድ ሳይቀሩ ከቤት እንደሚገቡ አምናለሁ። እኔ ሥራነሽ አማረ፣ የአምበር ወጣት ማዕከል ብቸኛ ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሠልጥኛለሁም። ባለፈው ወር ስለ «አወንታዊ የወጣቶች ዕድገት» አምስት ቀን ሙሉ ስላስተማሩን ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

፩. በቅድሚያ፣ ተተኪ ሳይመደብልን ሁላችንም እንድንገኝ በጥብቅ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። በማዕከሉ ያሉት አሥራ ሁለት ወንበሮች በስሜ የተመዘገቡ ንብረቶች ስለሆኑ ቁልፉን ለማንም ትቼ መምጣት እንደማልችል በደብዳቤ አሳስበውኝ ነበር። ስለዚህ ቁልፉ አምስቱንም ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ከረመ። ወንበሮቹም አንድ ሳይጎድሉ ጠበቁኝ።

፪. አሠልጣኙ ጠዋት ጠዋት የስልካችንን ድምፅ አስጠፍተው ቅርጫት ውስጥ ስላስከተቱንም አመሰግናለሁ። ወጣትን ከልብ ለማዳመጥ መጀመሪያ ስልክን ማራቅ እንደሚገባ ያስረዱበት መንገድ ግሩም ነበር። ረቡዕ ዕለት ደግሞ እያንዳንዳችን በእኛ የሚተማመን የአንድ ወጣት ስም ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ አዘዙን። እኔ የብርጓል ታረቀኝ ብዬ ጻፍኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ምሳውም መልካም ነበር።

፫. የብርጓልን ስለማያውቋት ላስተዋውቅዎ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዕከላችን ውስጥ ትንንሾቹን ሒሳብ ታስጠናለች፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣው እኛ ሥልጠና ላይ ሳለን፣ ማክሰኞ ነው። ማለፊያውን አላገኘችም። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በእሷ ነጥብ ሪሜዲያል ገብተው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደገና ተምረው ያለፉ ልጆችን እኔ ራሴ አስመዝግቤያለሁ። እሷ ይህን አታውቅም። ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏት ልታማክረኝ መጣች፤ በሩ ዝግ ነው። ረቡዕም መጣች፤ ሐሙስም መጣች። ረቡዕ ከባለሱቁ ከጌቱ ስልክ አራት ጊዜ ደውላልኛለች። እኔ ስሟን ግድግዳ ላይ ስለጥፍ ጥሪዋ ቅርጫቱ ውስጥ ነበር።

በዚያው ዕለት ስልኬ ሲመለስልኝ ደወልኩ። ጌቱም የብርጓል መሆኗን፣ ወደ ቤቷም መግባቷን ነገረኝ። ያን ጊዜ ሰው ልኬ ላነጋግራት እችል ነበር። ቅዳሜ አገኛት የለም ወይ ብዬ ተውኩት። ይህን ጥፋት በእርስዎ ላይ አልለጥፍም፤ የእኔ ነው፤ ይዤው እኖራለሁ።

ዓርብ ጠዋት፣ እኛ የምስክር ወረቀት ለመቀበል በተሰለፍንበት ሰዓት፣ የብርጓል ዐረብ አገር እልክሻለሁ ካላት ደላላ ጋር ከሉማሜ አውቶቡስ ተሳፈረች። እኔ ቅዳሜ የምሥራቹን ይዤ እየሮጥኩ ቤቷ ደረስኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት አልተቆጡኝም። «ሦስት ቀን ደጅሽን ጠናች እኮ፣ ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ሃያ ስድስት ቀን ድምፅዋ አልተሰማም። አንጀቴ አርሯል፣ ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በላይ በጨዋ አማርኛ ልገልጸው አልቻልኩም።

ለቀጣዩ ሥልጠና ከአሁኑ እየተዘጋጁ መሆኑን ሰምቻለሁ። በየከተማው አንድ ሰው በሩን ከፍቶ እንዲቀመጥ፣ ከቅርጫቱም አንድ ስልክ ውጭ እንዲውል ቢፈቅዱ፣ ለንብረቱ እኔ ዋስ እሆናለሁ።

የቢሮዎ በር ተንኳኩቶ የሚከፈት፣ ስልክዎም ተደውሎ የሚነሳ እንዲሆን ከልብ የምመኝልዎ፣ ባለ ምስክር ወረቀት ታዛዥዎ

ሥራነሽ አማረ
ከአምበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዓርብ የሞላነው የግምገማ ቅጽ የመጨረሻ ጥያቄ፣ «ይህ ሥልጠና ሕይወቱን የሚቀይረው አንድ ወጣት ካለ ስሙን ይጥቀሱ» የሚል ነበር። በዕለቱ መልሱን ስላላወቅሁ ባዶ ትቼዋለሁ። እባክዎ ቅጼን ፈልገው፣ የብርጓል ታረቀኝ ብለው ይሙሉልኝ።